ከፈፋው ሥር የተቀመጠው መንገድ መሪ

ዱሪ ካዱፍ የተገኘው ከትልቁ ፈፋ ሥር፣ ጀርባውን ለቋጥኝ ሰጥቶ እንደተቀመጠ ነበር። የበረዶ መርገጫዎቹ፣ እግር እንዳይሰምጥ የሚያደርጉት ሰፋፊ ሰሌዳዎች፣ ከጫማው ሥር እንደታሰሩ ናቸው። ቡናማ ያንገት ልብስ እስከ አፍንጫው ድረስ ተጠምጥሞበታል። ከሩቅ ላየው ሰው፣ ዳገቱ አድክሞት እፎይ ልበል ያለ ሽማግሌ እንጂ ሬሳ አይመስልም። ዕድሜውን ሙሉ ድሩና በሚባለው ሸለቆ እንግዳ ሲመራ የኖረ፣ ተራራውን እንደ ቤቱ ጓዳ የሚያውቅ ሰው በጉም ውስጥ መንገድ ስቶ በብርድ ሞተ መባሉን መንደሩ ሲሰማ፣ ያመነውም ያላመነውም እኩል አንገቱን ደፋ።

መርማሪ ላዲና ፑልት በማግስቱ ጠዋት ደረሰች። ሌሊቱን ሲያፏጭ ያደረው ነፋስ ሄሊኮፕተር ስላላስነሳ፣ እሷና ፎቶ አንሺው ፖሊስ ከመንደሩ ጀምረው በእግራቸው ነበር የወጡት። ላዲና ጸጉሯ ገብስማ የሆነ፣ አጠር ያለች ሴት ናት። ስትራመድም ስትጠይቅም አትቸኩልም። ከሬሳው አጠገብ ቆሞ የሚጠብቃት ፍሉሪን ነበር። ፍሉሪን ዱሪ አሠልጥኖ ለወግ ያበቃው፣ አሁን በእሱ ቦታ እንግዳ የሚመራ ጎልማሳ ነው።

«ማንም እንዳይነካው በስልክ ብለሽ ነበር፤ አልነካሁትም» አላት። «ብርድ ልብስ ላለብሰው ግን እጄ ስንቴ ተነሳ መሰለሽ። ሞኝነት ነው።»

«ሞኝነት አይደለም» አለችና ተንበረከከች። በዚያ ከፍታ ላይ ሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚባባለው፤ ዳኛም ይሁን ከብት ጠባቂ «እርስዎ»ን መንደር ትቶት ይወጣል።

የሽማግሌውን ኮፍያ ቀስ አድርጋ አነሳች። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ደም ደርቋል። ቋጥኙን በጓንቷ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አየችው፤ የደም ምልክት የለበትም። ከዚያ ዐይኗ እግሩ ላይ አረፈ፤ ብዙም ቆየ።

«ፍሉሪን፣ የበረዶ መርገጫ ዘለበት ወዴት ነው የሚዞረው?»

«ወደ ውጭ ነዋ! ወደ ውስጥ ከሆነ ስትራመጂ እየተጠላለፈ ይጥልሻል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስተምረው…» ብሎ ሊቀጥል ሲል እሱም አየው። የዱሪ ዘለበቶች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። የቀኙ መርገጫ ከግራ እግሩ፣ የግራው ከቀኙ ታስሯል።

ፍሉሪን ድምፁ ዝቅ አለ። «መርሳት ጀምሮ ነበር። ባለፈው መኸር መንገድ ጠፍቶት እንግዶቹ ናቸው መልሰው ያመጡት። ከዚያ ወዲህ ሰው አይመራም፤ ዝም ብሎ እዚያ ላይ ያለው የእንግዶች ማረፊያ ቤት እየወጣ ይቀመጣል። እና… ተሳስቶ አድርጎት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች ላዲና። የአንዱን መርገጫ ማሰሪያ ፈታችና ጫማውን ከፍ አደረገችው። የጫማው ሶል ንጹሕ ነው። በሶሉና በመርገጫው መካከል የተረገጠ በረዶ የለም። «ያንተን እስቲ አሳየኝ።»

ፍሉሪን እግሩን አነሳ። ከሶሉ ሥር እንደ ጡብ የጠጠረ በረዶ ተጣብቋል።

«ስሙን የሚረሳ ሰው እንኳ እጁ የለመደውን አይረሳም» አለችው። «ይህ ሰው በእነዚህ መርገጫዎች አንድ እርምጃ አልተራመደም።»

መጨረሻ ላይ ያንገት ልብሱን ገለጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለከተች። አፉ ባረፈበት በኩል ሱፉ ወፍራም የበረዶ ቅርፊት ሠርቷል። በጣቷ ነካችው። ለፎቶ አንሺው ምልክት ሰጠችው። ፎቶው ሲያልቅ መልሳ እንደነበረ ሸፈነችለት። ፍሉሪን ምን እንዳየች ሊጠይቃት ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ከእሱ ጋር ተጣልተህ ነበር ይባላል» አለችው ስትነሳ።

«ማን ነገረሽ? ሁሉም ሰምቷል መቼም። እመራለሁ ብሎ ተነሳ፤ እኔም በእንግዶች ፊት “አንተ ከእንግዲህ መሪ አይደለህም፣ ቁጭ በል!” አልኩት። ቁጭ አለ። ልክ እንደ ልጅ።» ፊቱን አዞረ። «ትናንት ጠዋት ሳልሰናበተው እንግዶቼን ይዤ ወጣሁ። ጉሙ ሲበረታ ሸንተረሩ ላይ ካለው የከብት ጎጆ አስጠልዬያቸው፣ መንገዱን ለማየት ትንሽ ብቻዬን ወረድኩ። ጠርጥሪኝ ከፈለግሽ፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ራሴን እጠረጥራለሁ።»

ከፈፋው ወደ ማረፊያው ሲወጡ ላዲና ቆም አለች። የሌሊቱ ነፋስ የላላውን በረዶ ጠርጎ ወስዶታል፤ በእግር ተረግጦ የጠጠረው ግን አልበነነም። ትናንት ጉድጓድ የነበረው ዱካ ዛሬ እንደ ትንንሽ መደብ ከመሬቱ በላይ ቆሟል። ዱካው ክብና አጭር ነው፤ ማረፊያው ለእንግዳ የሚያውሳቸው መርገጫዎች ዓይነት። ከማረፊያው ጓሮ ተነስቶ ወደ ፈፋው ይወርዳል። ከላዩም ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሄዳሉ።

«ቁስለኛ የምንጎትትበት ሸርተቴ ነው» አለ ፍሉሪን በሹክሹክታ። «ጭነት ነበረው፤ እይው፣ መስመሩ እንዴት እንደጠጠረ።»

በሌላ በኩል የሚመለሰው ዱካ ብቻውን ነበር፤ ባዶው ሸርተቴ ከነፋስ የሚተርፍ ነገር አላተመም። የመልሱ ዱካ ግን ቀጥታ ወደ ማረፊያው አልሄደም። ወደ ግራ ታጥፎ አንድ የእንጨት ምሰሶ ሥር ይደርሳል። እዚያ በረዶው ሰፋ ተደርጎ ተረግጧል፤ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ የቆመበት ቦታ።

«ይሄ ምሰሶ ምንድን ነው?»

«የአንድሪ ነው። የማድላይና ባል፤ የማረፊያው ባለቤት የነበረው። ከሦስት ዓመት በፊት የበረዶ ናዳ እሱንና አንዲት እንግዳ እዚህ ወሰዳቸው። ዱሪ እየለመነው ሰምቶ አልሰማም ብሎ ፈፋውን ገባበት። እንግዳዋም ተከተለችው።»

«ይህን ማን ተናገረ?»

«ዱሪ ነዋ። ከእሱ በቀር በሕይወት የተረፈ የለም።»

ማድላይና ከማረፊያው በር ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው። ረጅምና ጠንካራ፣ ፊቷን ፀሐይና በረዶ ያጠቆረው ሴት ናት። «መጀመሪያ የገብስ ሾርባ፣ ከዚያ ምርመራ» አለች። «ባዶ ሆድ ጥያቄ አይመልስም፤ አይጠይቅምም።»

ላዲና እየበላች ጠየቀቻት። «ሲወጣ አየሽው?»

«ጀርባውን እንኳ አላየሁም። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ከኋላው በር ወጥቶ ኖሯል። ስጣራ የለም። ጉሙ ደግሞ እጅሽን አያሳይም ነበር።»

«ተከትለሽ አልፈለግሽውም?»

«እስከ አጥሩ ሄድኩ፣ ጮህኩ። በዚያ ጉም ብቻዬን ብገባ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምትመረምሪው።» ድስቱን ማማሰል ቀጠለች።

የአንድሪ ታናሽ ወንድም ጃኬም ማገዶ ከሚከመርበት ቤት ነበር የተገኘው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ከጫካ እንጨት ጭኖ በረዶ ላይ በሚነዳው ሞተሩ ሲመለስ። ላዲና ስትጠጋው መጥረቢያውን አላስቀመጠም።

«ሸለቆው ሁሉ ለዱሪ ያለቅሳል» አላት። «ለወንድሜ ማን አለቀሰ? እናቴ እኮ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ወንበር ላይ ተደብቃ ነው የሞተችው። “የሰው ገዳይ እናት” እያሏት። ዱሪ ሲሞት ደስ አለህ ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ አላለኝም። አዘንኩ ወይ ካልሽኝም፣ ገና አላወቅሁትም።»

«ሸርተቴውን ማን ነው የተጠቀመበት?»

«የትኛውን? የቁስለኛውን? ማንም። እኔ ሞተር እያለኝ ገመድ የምጎትት አህያ ነኝ?» ወደ ግድግዳው ዞር አለ። ሸርተቴው ተሰቅሏል። ገመዱ ግን ረጥቦ ነበር፤ በብርዱ ጠጥሮ እንደ ብትር ቆሟል። ጃኬም አየው፣ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

የሟቹ ሚስት ሰራይና በላይኛው ክፍል ካልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጉልበቷ የሚያማት አሮጊት ናት፤ ትናንት ከመንደሩ ባሏን ልትወስድ እየቆመች እያረፈች ወጥታ፣ ስትደርስ ሁሉም አልቆ ጠበቃት። ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አላወረደችም።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አለቻት ላዲና በለሆሳስ።

ሰራይና ሰማያዊ ያንገት ልብስ አወጣች። «የሱ ነው። ቤት ረስቶት ሄደ። ከሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው እንዴት እንደተናደድኩ! “ይሄ ሽማግሌ ብርድ ሊገድለው ነው” ብዬ ለብቻዬ ጮህኩ።» አፏን በልብሱ ሸፈነች።

ላዲና እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። «ስለ አንድሪ የሚያወራው ነገር ነበር?»

አሮጊቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሰው መርሳት ሲጀምር ብዙ ያወራል። ከየት አምጥቶ እንደሚያወራው ማን ያውቃል?» አለችና ልብሱን መልሳ እያጣጠፈች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ላዲና ወደ ፈፋው አንዴ ልትመለስ ካፖርቷን ስትለብስ፣ ማድላይና ከበሩ አጠገብ ካለው ቅርጫት ቡናማ ያንገት ልብስ አንስታ ቀረበቻት። «ጉሮሮሽን ሳትሸፍኚ ከዚህ በር አትወጪም። እንግዳው ሁሉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ! ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የረሳ የሚለብሰው።» እስከ አፍንጫዋ ጠመጠመችላት፤ ሁለቱን ጫፎች አጠላልፋ ከግራ ጆሮዋ ሥር ወደ ውስጥ ሸጎጠችው። እጇ ፈጣንና ደግ ነበር፤ እናት ልጇን ትምህርት ቤት እንደምትሸኝ።

ላዲና ከውጭ ወጥታ ጥቂት እንደተራመደች ቆመች። እጇን ከግራ ጆሮዋ ሥር አሳረፈች። ፎቶ አንሺውን ጠርታ ጠዋት ያነሳውን ፎቶ እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ አየችና መለሰችለት። ወደ ፈፋው መሄድ አላስፈለጋትም። ብዙ ሰው አስራለች፤ በአብዛኛው ስታስር ልቧ ይቀልላታል። ያን ቀን ግን እግሯ ወደ በሩ አልመለስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ከመመገቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሰራይና ምድጃው አጠገብ፣ ፍሉሪን መስኮቱ ሥር፣ ጃኬም በሩን ተደግፎ። ማድላይና ኩባያ እያመጣች ነበር፤ «ተቀመጪ» ሲሏት ተቀመጠች።

«ዱሪ መንገድ አልሳተም» አለች ላዲና። «መርገጫዎቹ ግራና ቀኝ ተለዋውጠው ታስረዋል። ለራሱ የሚያስር ሰው፣ ያውም ሲያስር የኖረ፣ እንዲህ አይሳሳትም። ፊት ለፊት ተንበርክኮ ለሌላ ሰው የሚያስር ግን፣ ልቡ ከተሸበረ፣ ግራው ቀኝ ይሆንበታል። ሶሉ ንጹሕ ነበር፤ ስለዚህ አልተራመደም፤ ተወሰደ። ዱካውን ነፋሱ አውጥቶ አሳይቶናል። ከጓሮው ሸርተቴ ተጎትቶ ወረደ፣ ባዶውን ተመለሰ።»

«ማን ጎተተው?» አለ ፍሉሪን።

«አንተን ነበር መጀመሪያ ያሰብኩት። ነገር ግን እንግዶችህ ትንሽ ቆይተህ እንደተመለስክ ነገሩኝ። ከዚያ ሸንተረር እዚህ ወርዶ፣ ሰው ጎትቶ፣ መልሶ መውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጃኬም ቢሆን በሞተሩ ይጭነው ነበር፤ በወንድሙ ቂም ቢገድለው እንኳ ገመድ አይጎትትም ነበር። ሰራይና በዚህ ጉልበቷ ጎተተች ማለት አይቻልም። የባሏን ያንገት ልብስ ደግሞ እስካሁን ከቦርሳዋ አላወጣችውም።»

«ታዲያ ዱሪ አንገት ላይ የነበረው የማን ነው? ከዚህ ቅርጫት የወጣ ቡናማ ነው። ጫፎቹ ከግራ ጆሮው ሥር ወደ ውስጥ ተሸጉጠዋል። ዛሬ ለእኔም እንደዚያው ነው የታሰረልኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማድላይና፣ ሲወጣ ጀርባውን እንኳ አላየሁም ብለሻል። ካላየሽው ጉሮሮውን መቼ ሸፈንሽለት? ተመልሰሽ ስትመጪስ ከአንድሪ ምሰሶ ሥር ለምን ያን ያህል ቆምሽ?»

ማድላይና እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ አይታቸው የማታውቅ ይመስል ተመለከተቻቸው።

«ልነግረው ነው የቆምኩት» አለች። «ለአንድሪ።»

ከዚያ ሳያቋርጧት ተናገረች።

«ሾርባ እየሰጠሁት ነበር። “ሰራይና” አለኝ። ዝም አልኩ፤ ሲሳሳት አናርመውም፣ ይከፋዋል። እጄን ያዘኝ። “ሰራይና፣ አንድሪን ቅደም ያልኩት እኔ ነኝ። በረዶው አያስተማምንም፣ እንመለስ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ፈሪ አልኩት፤ በእንግዳዋ ፊት። ተናዶ ገባበት” አለኝ። ከዚያ ዐይን ዐይኔን እያየ፣ “ለማድላይና እንዳትነግሪያት፤ አደራ” አለኝ። እኔኑ!»

ጃኬም ግድግዳውን በጡጫው መታው።

«ገፋሁት» አለች ማድላይና። «አንዴ ብቻ። ከነወንበሩ ወደቀ፣ ጭንቅላቱን ምድጃው ድንጋይ ላይ መታ። ጠራሁት፣ ቀሰቀስኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ እኮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አብልቼዋለሁ! “ባልሽ አጠፋ፣ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ” እያለ ያጽናናኝ ነበር። ሞቶ ሳየው ፈራሁ። ፈፋው ሥር ካስቀመጥኩት ሰው ሁሉ ጉሙ ነው ይላል ብዬ… ብርድ ላይ ልተወው ስል ደግሞ አንገቱ ባዶ ነው። እጄ እንቢ አለኝ፤ ሸፈንኩለት።»

ሰራይና ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «ለእኔ ነግሮኝ ነበር» አለች። «ከአንድሪ ቀብር በፊት ነው የነገረኝ። ሙሉ ጤነኛ እያለ። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንድሪ አይመለስ፣ አንተስ ለምን ትጥፋ ብዬ። የአንድሪ እናት በአጠገቤ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ ሰላም እላት ነበር።» ወደ ማድላይና ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ጋ መጥቼ ሾርባሽን በላሁ።»

ውጭ ከጣራው ላይ በረዶ ተንሸራቶ ወደቀ።

«አንድ ነገር ልወቅ» አለች ሰራይና ወደ ላዲና ዞራ። «ሳይሰማው ነው የሞተው? እዚሁ ነው የሞተው?»

«እዚሁ ነው» አለች ማድላይና ፈጥና። «አንገቱን ዳስሼዋለሁ። ምንም አልነበረም። ንገሪያት።»

መርማሪ የሚያውቀውን ሁሉ ባንዴ አይናገርም፤ ላዲና ይህን ለሐኪሙ ወረቀት ትታ መሄድ ትችል ነበር። ግን አንድ ቀን ችሎት ላይ፣ ከማያውቁት ሰው አፍ ሁለቱም መስማታቸው አይቀርም። ተነስታ ማድላይና ፊት ቆመች።

«ማድላይና፣ ከአሁን ጀምሮ እርስዎ ልበልዎት» አለቻት።

ማድላይና ገባት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ያንገት ልብሱ ውስጡ በረዶ ሠርቶ ነበር። ወፍራም። እስትንፋስ ነው ያን የሚሠራው፤ ትንሽ እስትንፋስ ደግሞ ያን ያህል አያወፍረውም። ራሱን ስቶ ነበር እንጂ አልሞተም። እርስዎ ሲወስዱት በሕይወት ነበር።»

ማድላይና አልጮኸችም። «እጄ ቀዝቅዞ ነበር» አለች፤ ለማንም ሳይሆን። «እጄ ነው እንጂ አንገቱ አልነበረም የቀዘቀዘው።» ደጋግማ አለችው፤ ጃኬም መጥቶ ትከሻዋን እስኪይዛት ድረስ። ሰራይና ፊቷን በሰማያዊው ልብስ ሸፍና ድምፅ አውጥታ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ኩር ከተማ ያለው ሐኪም የላዲናን ቃል አረጋገጠ። ችሎቱ በጸደይ ተቀምጦ ማድላይናን በእስራት ቀጣት፤ እሷም አልተከራከረችም። ከፍርዱ በፊት በነበረው እሑድ ሰራይና ከቅዳሴ በኋላ መንደርተኛው ሳይበተን ቆማ፣ አንድሪ ላይ የተነገረው ሐሰት እንደነበረ፣ እሷም እያወቀች ዝም እንዳለች ተናገረች። ሰላምታ የነፈጋት ብዙ ነው። ጃኬም ግን እስከ ቤቷ ድረስ በዝምታ ሸኛት። ማረፊያውን እሱና ፍሉሪን ያዙት።

ሰራይና እስር ቤት ሄዳ ማድላይናን አስጠራች። አልመጣችም። ደግማ ሄደች፤ አሁንም አልመጣችም። ጉልበቷን እየጎተተች እንደገና ስትሄድ በሩ ተከፈተና ማድላይና ገብታ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ከስታለች።

«ከማረፊያው ጣራ በረዶው ወረደ?» አለች ማድላይና።

«ወርዷል። ከጓሮው በኩል ነው ትንሽ የቀረው።»

«ጓሮው እስከ ሰኔ አይለቅም። ጃኬም በአካፋ እንዳይነካው ንገሪው፤ ቆርቆሮውን ይበሳዋል።»

«እነግረዋለሁ» አለች ሰራይና።